ጉንፋን በሚበረታበት ወቅት ለቤተሰብ የሚሆነው የእጅ ማጽጃ የትኛው ነው?

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የክረምቱ ዝናብ ሲጠና፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ደግሞ የሌሊቱ ብርድ ሲበረታ፣ የአንዱ ልጅ ሳል ሳያባራ የሌላው ይጀምራል። በኬንያ ደጋማ ክፍል ቀዝቃዛው ጊዜ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ነው። በእንዲህ ያለው ወቅት ወደ ሱቅ ወይም ወደ መድኃኒት ቤት ጎራ የሚሉ ወላጆችን ብዙ ዓይነት የእጅ ማጽጃ ይጠብቃቸዋል። ደረቅ ሳሙና አለ፣ ፈሳሽ ሳሙና አለ፣ “ፀረ ባክቴሪያ” የሚል የተጻፈበት አለ፣ ሳኒታይዘርና እርጥብ ሶፍትም አለ። በብዙዎቹ ላይ “99.9 በመቶ ጀርሞችን ይገድላል” የሚል ጽሑፍ ይነበባል።

የዓለም ጤና ድርጅትን ጨምሮ የሕዝብ ጤና ተቋማት ለዓመታት የሰጡት ምክር ግን በማሸጊያው ላይ ካለው ጽሑፍ የቀለለ ነው። ለቤት አገልግሎት ተራ ሳሙናና የሚፈስ ውሃ ይበቃል። አልኮል ያለበት ሳኒታይዘር ውሃና ሳሙና በማይገኝበት ቦታ ምትክ ሆኖ ያገለግላል። ከዚህ በላይ የሚጨመረው ነገር በአብዛኛው ጥቅሙ ያልተረጋገጠ ነው፤ አንዳንዱም ጎጂ ነው።

ምርጫው ቀላል አይደለም። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ለሞት ከሚዳርጉ ተላላፊ በሽታዎች ቀዳሚው የሳንባ ምች ነው። እጅን መታጠብ ይህን በሽታ ከሚቀንሱ ርካሽ መንገዶች አንዱ ነው። በሌላ በኩል ለጥንቃቄ ተብለው ወደ ቤት የገቡ አንዳንድ ምርቶች ዓይን አጥፍተዋል፣ ኩላሊት ጎድተዋል፣ ሕይወትም ቀጥፈዋል።

ተራው ሳሙና ለምን ይበቃል?

ጉንፋንን የሚያመጡት ቫይረሶች ናቸው። ዓይነታቸው ከ200 በላይ ሲሆን በብዛት የሚያጋጥመው ራይኖቫይረስ የሚባለው ነው። ቫይረስ ባክቴሪያ ስላልሆነ “ፀረ ባክቴሪያ” የሚለው ቃል ለጉንፋን የሚሰጠው ተስፋ ገና ከመነሻው የሳተ ነው።

የሳሙና አሠራር ከዚህ ይለያል። የሳሙና ቅንጣት አንደኛው ጫፍ ከውሃ ጋር፣ ሌላኛው ደግሞ ከቅባት ጋር ይዋደዳል። የኢንፍሉዌንዛና የኮሮና ቫይረሶች የቅባት ሽፋን ስላላቸው ሳሙናው ሽፋናቸውን አፍርሶ ከጥቅም ውጭ ያደርጋቸዋል። ራይኖቫይረስ እንዲህ ያለ ሽፋን ስለሌለው ሳሙና በቀላሉ አይገድለውም። ነገር ግን ከቆዳው ላይ ከሚገኘው ወዝና እድፍ ጋር አላቆ ለውሃው ያስረክበዋል፤ ውሃውም ጠርጎ ይወስደዋል። ማሸቱና ማለቅለቁ የሳሙናውን ዋጋ ያህል የሚመዝኑት በዚህ ምክንያት ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠርና መከላከል ማዕከል፣ በአጭር ስሙ ሲዲሲ፣ ቢያንስ ለ20 ሰከንድ እጅን በሳሙና ማሸት ይገባል ይላል።

ይህን በተግባር ካሳዩት ጥናቶች አንዱ በፓኪስታን ካራቺ ድሃ መንደሮች የተካሄደው ነው። በአውሮፓውያኑ 2005 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ይህ ጥናት፣ ሳሙና ተሰጥቷቸው እጃቸውን እንዲታጠቡ በተበረታቱ ቤተሰቦች ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች በሳንባ ምች የመያዛቸው መጠን በግማሽ መቀነሱን አሳይቷል። የተቅማጥ በሽታም በተቀራራቢ መጠን ቀንሷል። ለአንዳንዶቹ ቤተሰቦች የተሰጠው ፀረ ባክቴሪያ ሳሙና ሲሆን ለሌሎቹ ደግሞ ተራ ሳሙና ነበር። በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በኒውዮርክ 238 ቤተሰቦችን ለ48 ሳምንታት የተከታተለ ጥናትም ተመሳሳይ ውጤት አግኝቷል። ፀረ ባክቴሪያ የጽዳት ምርቶችን የተጠቀሙት ቤተሰቦች በሳል፣ በንፍጥ ወይም በትኩሳት ከመያዝ ከሌሎቹ የተሻለ ጥበቃ አላገኙም።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በመስከረም 2016 ትሪክሎሳንና ትሪክሎካርባንን ጨምሮ 19 ንጥረ ነገሮች ለተጠቃሚዎች በሚሸጡ የእጅና የገላ መታጠቢያዎች ውስጥ እንዳይገቡ ከልክሏል። አምራቾቹ እነዚህ ንጥረ ነገሮች ከተራ ሳሙናና ውሃ የተሻለ እንደሚሠሩ፣ ለዕለት ተዕለት አገልግሎትም ደኅንነታቸው የተጠበቀ መሆኑን ማስረዳት አልቻሉም ነበር። በተጨማሪም ትሪክሎሳን በእንስሳት ላይ በተደረጉ ምርምሮች በሆርሞን ላይ ለውጥ ማሳየቱና ባክቴሪያዎች መድኃኒትን እንዲለምዱ ሊያደርግ መቻሉ ስጋት ፈጥሯል። ውሳኔው የሚያስገድደው የአሜሪካን ገበያ ብቻ ነው። ስለዚህ በምሥራቅ አፍሪካ ሳሙና የሚገዛ ሰው የይዘት ዝርዝሩን ማንበብ የራሱ ኃላፊነት ነው።

“99.9 በመቶ” የሚለው ቁጥርም በጥንቃቄ መታየት አለበት። የሚገኘው በቤተ ሙከራ ውስጥ፣ በተመረጡ ጥቂት ተህዋስያን ላይ በሚደረግ ፍተሻ ነው። የሽንኩርት ልጣጭ፣ አፈርና ቅባት የነካው የልጅ እጅ ደግሞ ቤተ ሙከራ አይደለም።

እጅ መታጠብ ሁሉንም ነገር ይፈታል ማለት አይደለም። የመተንፈሻ አካላት በሽታዎች በአየርም ይተላለፋሉ። ሲዲሲ የሚጠቅሳቸው ጥናቶች እጅ መታጠብ በሕዝብ ደረጃ እንደ ጉንፋን ያሉ በሽታዎችን ከ16 እስከ 21 በመቶ ይቀንሳል ይላሉ። አራትና አምስት ልጆች በአንድ ክፍል በሚተኙበት ቤት ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም፤ መስኮት መክፈትንና የታመመን ሰው መለየትን ግን አይተካም።

ቀዝቃዛ ውሃ፣ ማስታጠቢያና ዘግይቶ የሚመጣው ሳሙና

በብርድ ወቅት ልጆች እጃቸውን ለመታጠብ የሚያቅማሙት ውሃው ስለሚቀዘቅዛቸው ነው። ብዙ ወላጆችም ቀዝቃዛ ውሃ ጀርም አያስለቅቅም ብለው ያስባሉ። በአሜሪካ የሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 ባሳተሙት ጥናት በ15፣ በ26 እና በ38 ዲግሪ ሴልሺየስ ውሃ የታጠቡ እጆችን አነጻጽረው ባክቴሪያን በማስወገድ ረገድ ልዩነት አላገኙም። ውሃ ማሞቅ ለምቾት ይጠቅማል፤ ልጁን ከመታጠብ እንዳይሸሽ ካደረገው የማገዶው ወጪ አይቆጭም። ማገዶ ወይም መብራት በሌለበት ቀን ግን ቀዝቃዛውም ያው ነው።

በኢትዮጵያ እንግዳ ከመመገቡ በፊት ማስታጠቢያ ይዞ መምጣት የቆየ ልማድ ነው። በብዙ ቤቶች ታናናሾች ታላላቆችን ያስታጥባሉ። ውሃው ከላይ እየፈሰሰ፣ እድፉ ከታች ወዳለው ሳፋ ስለሚወርድ አሠራሩ ከጤና አንጻር ጥሩ ነው። በአንድ ሳፋ ውሃ ውስጥ ሁሉም ሰው እጁን እየነከረ ከሚታጠብበት መንገድ እጅግ ይሻላል።

ጉድለቱ ያለው በሳሙናው ሰዓት ላይ ነው። በብዙ ቤቶችና ምግብ ቤቶች ከምግብ በፊት እጅ የሚለቀለቀው በውሃ ብቻ ነው፤ ሳሙና የሚቀርበው ከምግብ በኋላ የወጡን ቅባትና ሽታ ለማስለቀቅ ነው። በአንድ ትሪ በሚበላበት፣ ጉርሻ በእጅ በሚሰጥበት ባህል ሳሙናው ቀድሞ መምጣት ነበረበት። በተለይ ለሕፃን የምታጎርስ እናት ወይም ሞግዚት፣ ንፍጥ ከጠረገች በኋላ ወይም ዳይፐር ከቀየረች በኋላ በሳሙና መታጠቧ ከማንኛውም ውድ ምርት በላይ ልጁን ይጠብቀዋል።

ከታጠቡ በኋላ ማድረቅም ይገባል። እርጥብ እጅ ከደረቀ እጅ ይልቅ ተህዋስያንን በቀላሉ ያስተላልፋል። ቤተሰቡ ሁሉ የሚጠቀምበት፣ ቀኑን ሙሉ ረጥቦ የሚውል አንድ ፎጣ የታጠበውን እጅ መልሶ ሊያቆሽሸው ይችላል። ጉንፋን የያዘው ሰው የራሱ ፎጣ ቢኖረው ይመረጣል።

ደረቅ ወይስ ፈሳሽ?

ደረቅ ሳሙና ብዙ እጅ ስለሚነካው በሽታ ያስተላልፋል የሚል ስጋት አለ። በ1988 የታተመ አንድ ጥናት ሆን ተብሎ በባክቴሪያ በተበከለ ደረቅ ሳሙና ሰዎች እንዲታጠቡ አድርጎ፣ ከታጠቡ በኋላ ባክቴሪያው በእጃቸው ላይ አለመገኘቱን አሳይቷል። የሚያስፈልገው ሳሙናው በረጋ ውሃ ውስጥ እንዳይቀመጥ ማድረግ ነው። ቀዳዳ ባለው ማስቀመጫ ላይ ከሆነ ይደርቃል፤ ቶሎ አያልቅም፣ አይሟሟምም።

አስገራሚው ነገር የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው ፈሳሹ ሳሙና መሆኑ ነው። ፈሳሽ ሳሙና ውሃ ስላለበት እንዳይበላሽ መከላከያ ኬሚካል ይጨመርበታል። በብዙ ቤቶችና ምግብ ቤቶች እንደሚደረገው ሳሙናው ሊያልቅ ሲል ውሃ ሲጨመርበት ያ መከላከያ ይሳሳል። ከዚያ በኋላ ባክቴሪያ በሳሙናው ውስጥ ሊራባ ይችላል። በ2011 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት እየተሞላ የሚሠራበት የተበከለ የሳሙና ማፍሰሻ በተጠቀሙ ተማሪዎች እጅ ላይ አንድ ዓይነት የባክቴሪያ ክፍል ከመታጠባቸው በፊት ከነበረው በ26 እጥፍ ጨምሮ አግኝቷል። ፈሳሽ ሳሙና የሚወድ ቤተሰብ ጠርሙሱ ሙሉ በሙሉ ሲያልቅ አጥቦና አድርቆ እንደገና ቢሞላው ይበጃል። በላዩ ላይ እየጨመሩ መቀጠል አይመከርም።

ሽታና ቀለም ለጽዳቱ የሚጨምሩት የለም። የቆዳ አለርጂ ወይም ችፌ ላለበት ልጅ ሽቶ የሌለው ሳሙና ይመረጣል። በፈሳሽ ሳሙናና በእርጥብ ሶፍት ውስጥ የሚገባው ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን የተባለ መከላከያም ብዙ ሰዎችን ስላሳከከ፣ የአውሮፓ ኅብረት በቆዳ ላይ ተቀብተው በሚቆዩ ምርቶች ውስጥ እንዳይገባ ከ2017 ጀምሮ ከልክሎታል። ታጥበው በሚለቀቁት ውስጥ ደግሞ መጠኑን በጥብቅ ወስኗል።

በጋው ብርድና ደረቅ አየር ላይ ሳሙና ሲጨመር የእጅ ቆዳ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ቆዳ ያቃጥላል፤ የሚያቃጥለው ሰው ደግሞ መታጠብ ይቀንሳል። ስለዚህ እጅን ካደረቁ በኋላ ቫዝሊን ወይም ሽታ የሌለው ቅባት መቀባት የእጅ ጽዳቱ አካል ነው። ለእጅ የሚሆነው የገላ ሳሙና ነው። የልብስ ሳሙናም ቢሆን ያጸዳል፤ ሌላ ከሌለ ከውሃ ብቻ ይሻላል፤ ነገር ግን አዘውትረው ሲጠቀሙበት ቆዳን ያደርቃል። እንዶድም እንዲሁ የልብስ ነው። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ አካባቢ ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች መሞታቸውን አስተውለው ለዓለም ያስተዋወቁት ይህ ተክል፣ አረፋው ሸማን ቢያነጣም ዓይንን ያስቆጣል፣ ቢዋጥም መርዛማ ነው።

በሳሙና ስም የሚሸጥ ሜርኩሪ

በምሥራቅ አፍሪካ ገበያዎች ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ደረቅ ሳሙና ቆዳ ለማንጣት የሚሸጠው ነው። አንዳንዶቹ የሜርኩሪ ውሁድ አለባቸው። ሜርኩሪ ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን እንዳይመረት ያግዳል። በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ሲገባ ግን በዋነኛነት ኩላሊትን ይጎዳል፤ የነርቭ ሥርዓትንም ያውካል።

የሚናማታን በሽታ ለረጅም ዓመታት ያጠኑት ጃፓናዊው ሐኪም ማሳዙሚ ሃራዳና ባልደረቦቻቸው በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ በኬንያ ቆዳ የሚያነጣ ሳሙና በሰፊው ጥቅም ላይ መዋሉ የሜርኩሪ መመረዝ ሊያስከትል እንደሚችል አስጠንቅቀው ነበር። ስለ ሜርኩሪ የተደረገው የሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነት ከ2020 በኋላ ከአንድ ሚሊዮን አንድ እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለበት የመዋቢያ ምርት እንዳይመረት፣ እንዳይላክና እንዳይገባ ይከለክላል። በ2023 ጄኔቫ ላይ የተሰበሰቡት አባል አገራት ደግሞ ይህ መጠን እንኳ እንዲቀርና ሜርኩሪ ያለባቸው መዋቢያዎች በሙሉ እንዲወገዱ ወስነዋል። ክልከላው ቢኖርም ምርቶቹ በድንበር ንግድና በኢንተርኔት ሽያጭ መዘዋወራቸው አልቆመም።

አንዲት እናት ለፊቷ የገዛችው ሳሙና በመታጠቢያው ቦታ ላይ ከተቀመጠ ልጆቿም እጃቸውን ይታጠቡበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ያሉ ምርቶች በፎጣና በንክኪ፣ እንዲሁም በትነት አማካይነት ሌላውን የቤተሰብ አባል ሊያጋልጡ እንደሚችሉ፣ በነፍሰ ጡር ሴት በኩልም ወደ ፅንሱ ሊያልፉ እንደሚችሉ ይገልጻል። በይዘት ዝርዝሩ ላይ “ሜርኩሪክ አዮዳይድ”፣ “ካሎሜል” ወይም “አሞኒየትድ ሜርኩሪ” የሚሉ ስሞች ካሉ ሳሙናው መወገድ አለበት። ሌላም ምልክት አለ፦ “ወርቅ፣ ብር፣ ላስቲክና አልሙኒየም እንዳይነካ” የሚል ማስጠንቀቂያ በሳሙና ላይ ከተጻፈ በውስጡ ሜርኩሪ ሊኖር ይችላል። ዝርዝር ይዘቱም አምራቹም ያልተጻፈበትን ማንጫ ሳሙና ደግሞ ጭራሽ አለመግዛት ነው።

ሳኒታይዘር፦ ቁጥሩንና ስሙን ማንበብ

ታክሲ ውስጥ፣ በትምህርት ቤት ወይም ውሃ በጠፋበት ቀን ሳኒታይዘር ጠቃሚ ነው። ሲዲሲ ቢያንስ 60 በመቶ አልኮል ሊኖረው ይገባል ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት በአገር ውስጥ እንዲመረቱ ካቀረባቸው ሁለት ቀመሮች አንዱ 80 በመቶ ኤታኖል፣ ሌላው 75 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ይዟል። በሁለቱም ውስጥ ጥቂት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና ቆዳ እንዳይደርቅ የሚረዳ ግሊሰሪን ይገባል። በ2020 በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ሳኒታይዘር ወደማምረት ሲገቡ የዚህ ዓይነቱ ምርት ዋና ግብዓት በአገር ውስጥ ይገኝ ነበር፤ እንደ ፊንጫና መተሐራ ያሉ ስኳር ፋብሪካዎች ኤታኖል ያመርታሉ።

አልኮሉ በበዛ ቁጥር ይሻላል ማለት አይደለም። ፕሮቲንን ለማፍረስ ውሃም ስለሚያስፈልግ ንጹሕ አልኮል ከ80 በመቶው ያነሰ ይሠራል። በሌላ በኩል አረቄና ካቲካላ ከሚፈለገው መጠን በታች ስለሆኑ ለእጅ ማጽጃ አይሆኑም። በቤት ውስጥ መቀላቀልም ያሳስታል። ሁለት እጅ የ70 በመቶ አልኮል ከአንድ እጅ የእሬት ጭማቂ ጋር ሲዋሐድ የሚገኘው 47 በመቶ ያህል ብቻ ነው።

ሳኒታይዘር እድፍ አያስወግድም። ጭቃ ወይም ቅባት በነካው እጅ ላይ ኃይሉ ይቀንሳል። ተቅማጥና ትውከት የሚያመጣውን ኖሮቫይረስንም በደንብ አያጠፋም። በቤት ውስጥ ተቅማጥ ካለ ሳሙናና ውሃ ብቻ ነው አማራጩ። “አልኮል የለውም” ተብለው ለልጆች የሚሸጡት ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የያዙ ምርቶችም አልኮል ያለበትን የሚያህል ማስረጃ የላቸውም።

ከሁሉ የከፋው ግን ሜታኖል ነው። በመልክም በሽታም ከኤታኖል አይለይም፤ በሰውነት ውስጥ ሲፈርስ ግን ፎርሚክ አሲድ ሆኖ የዓይን ነርቭን ያጠፋል። ከግንቦት እስከ ሰኔ 2020 በአሜሪካ አሪዞናና ኒው ሜክሲኮ ግዛቶች ሳኒታይዘር ጠጥተው በሜታኖል የተመረዙ 15 አዋቂዎች ሆስፒታል ገብተው ነበር። አራቱ ሞቱ፤ ሦስቱ የዓይን ጉዳት ይዘው ወጡ። የአገሪቱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በርካታ ምርቶች ከገበያ እንዲሰበሰቡ አድርጓል። ማሸጊያው ላይ “ኤታኖል” የሚል ቢጻፍበትም ውስጡ ሜታኖል የተገኘባቸው ነበሩ። ስለዚህ መለያ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ አምራቹ የታወቀ፣ የምርት ቁጥርና ቀን ያለው፣ በሚመለከተው የአገሪቱ ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑ ይረዳል። በመንገድ ዳር ከትልቅ ጄሪካን እየተቀዳ የሚሸጠውን መተው ይሻላል።

ሜታኖል የጠጣ ሰው መጀመሪያ የሰከረ ብቻ ሊመስል ይችላል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የዓይን ብዥታ ከሰዓታት በኋላ ይመጣሉ። በጊዜ ከተደረሰበት መድኃኒት አለው፤ ሳይጠብቁ ጠርሙሱን ይዞ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ትክክለኛው ሳኒታይዘርም ቢሆን በትንሽ ልጅ እጅ ብቻውን መተው የለበትም። ጥቂት ጉንጭ የጠጣ ሕፃን ሊሰክርና የደሙ ስኳር ሊወርድ ይችላል። የከረሜላ ሽታና ደማቅ ቀለም ያላቸው ደግሞ እንዲቀመስ ይጋብዛሉ። በፈረንሳይ የተደረገ ጥናት በ2020 በሳኒታይዘር ምክንያት የተመዘገበ የልጆች የዓይን ጉዳት ከቀዳሚው ዓመት በሰባት እጥፍ መጨመሩን አሳይቷል። በሕዝብ መገልገያዎች የሚቆሙት ማፍሰሻዎች ቁመት ከትንሽ ልጅ ፊት ጋር መገጣጠሙ አንዱ ምክንያት ነው። ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ ማጠብ ይገባል።

እሳትም አለ። አልኮል ሲነድ ነበልባሉ በቀን ብርሃን ብዙም አይታይም። ሳኒታይዘር ተቀብቶ ሳይደርቅ ክብሪት የሚጭር፣ ምድጃ የሚያቀጣጥል ወይም ለቡና ከሰል የሚያራግብ ሰው እጁ ሊያያዝ ይችላል። እስኪደርቅ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ እያሹ መጠበቅ ይበቃል። ምግብ የሚያበስል ሰው ደግሞ ሳሙናው አጠገቡ ስለሆነ ሳኒታይዘሩን ባይነካው ይሻላል።

በረኪና በሃይላንድ ጠርሙስ

በብዙ ሰፈሮች በረኪና ተቀድቶ የሚሸጠው፣ ወይም ቤት ከገባ በኋላ የሚቀመጠው፣ ብዙዎች “ሃይላንድ” በሚሉት ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ነው። የተጠማ ልጅ ልዩነቱን ሊያውቅ አይችልም። በረኪና አፍንና ጉሮሮን ያቃጥላል። የጠጣን ልጅ ለማስመለስ መሞከር ደግሞ ሲወጣ ዳግም ስለሚያቃጥል ጉዳቱን ያብሳል። አፉን በውሃ አጉመጥሙጦ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ነው የሚገባው።

ለእጅ መታጠቢያነት በ0.05 በመቶ መጠን የቀጠነ ክሎሪን በኢቦላ ወረርሽኞች ጊዜ ጥቅም ላይ ውሏል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ሳሙና ወይም ሳኒታይዘር በፍጹም ካልተገኘ ብቻ የሚወሰድ የመጨረሻ አማራጭ ያደርገዋል፤ ቆዳን ይጎዳል፣ ሲቀጥኑትም በመጠን መሳሳት ቀላል ነው። ለቤተሰብ አይመከርም። በረኪናን ከአቸቶ ወይም አሲድ ካለበት የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። ይህ ማስጠንቀቂያ በተለይ በዓረብ አገራት በቤት ሠራተኝነት የተሰማሩትን፣ ጠባብ መታጠቢያ ቤቶችን በር ዘግተው የሚያጸዱትን ይመለከታል።

ሳሙና በማይበረክትበት ቤት

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2021 ባወጡት ሪፖርት፣ በቤታቸው ሳሙናና ውሃ ያለው የእጅ መታጠቢያ የሌላቸው የዓለም ሰዎች 2.3 ቢሊዮን እንደሚደርሱ ገምተዋል። በምሥራቅ አፍሪካ ገጠርና በመጠለያ ጣቢያዎች ስለ ምርት ምርጫ ማውራት ለብዙዎች ሩቅ ነው።

ለእንዲህ ያለው ቤት ከተሞከሩት መንገዶች ጥሩው የሳሙና ውሃ ነው። በባንግላዴሽ በተሠራበት አሠራር 30 ግራም ያህል የልብስ ማጠቢያ ዱቄት በ1.5 ሊትር ውሃ ይበጠበጣል፤ በክዳኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ባለው ጠርሙስ ተደርጎ ከመጸዳጃው አጠገብ ይንጠለጠላል። ዱቄቱን በቀጥታ በእጅ ላይ ከማድረግ ይልቅ ቆዳን አያቃጥልም፤ አንድ ከረጢት ዱቄትም ለብዙ ቀናት ይበቃል። ደረቅ ሳሙና ከደጅ ሊሰረቅ ይችላል፣ ይህን ግን ማንም አይመኘውም።

አመድ ሳሙና በጠፋበት ጊዜ ሊረዳ ይችላል። ቅባት ያስለቅቃል፤ አልካሊ ባሕርይውም አንዳንድ ተህዋስያንን ሊያዳክም ይችላል። ይሁን እንጂ በ2020 ማስረጃዎችን የመረመረው የኮክሬን ግምገማ ጥቅሙን እርግጠኛ ሆኖ ለመናገር አልቻለም። አፈር ግን የትል እንቁላል ሊኖርበት ስለሚችል ከአመድ ይበልጥ ያሰጋል።

ውሃ ለመቆጠብ ደግሞ በእግር የሚረገጥ ጄሪካን አለ። አምስት ሊትር የሚይዝ ጄሪካን ወደ አንገቱ ተጠግቶ ይበሳና በሁለት ባላ እንጨቶች መካከል ይሰቀላል። ከአንገቱ የታሰረው ገመድ ታች ካለው እንጨት ጋር ይያያዛል። እንጨቱ ሲረገጥ ጄሪካኑ ዘንበል ብሎ በቀጭኑ ያፈስሳል፤ ሲለቀቅ ይቆማል። የታጠበው እጅ ምንም ነገር አይነካም። ከጎኑ በገመድ የተንጠለጠለ የሳሙና ቁራጭ ወይም የሳሙና ውሃው ጠርሙስ ይኖራል። ጠርሙሱ የመጠጥ ውሃ መያዣ የነበረ ከሆነ፣ ማንበብ የማይችል ልጅም እንዲለየው በቀለም ምልክት ይደረግበታል።